«ሽባነት መድኃኒት ተገኘለት» የሚለው ዜና ስለየትኛው ነርቭ ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ በኋላ ሁለት ዜናዎች ተከታትለው ወጡ። አንዱ ከአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሕብለ ሰረሰራቸው (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) ሙሉ በሙሉ በተቆረጠ አይጠ መጎጦች ላይ በስሪ ዲ ማተሚያ የተሠራ ደቃቅ መደገፊያ ተክለው፣ ውስጡ ከግንደ ሕዋስ (ወደ ሌሎች ዓይነት ሕዋሳት መለወጥ ከሚችል ሕዋስ) የተገኙ የነርቭ ሕዋሳት ዘርተው፣ እንስሳቱ የተወሰነ እንቅስቃሴ እንደተመለሰላቸው አስታወቁ። ሁለተኛው የመጣው ከቴል አቪቭ ሲሆን፣ በአይጥ ላይ የተሞከረ ሰው ሠራሽ የሕብለ ሰረሰር ቁራጭን በጥቂት ሰዎች ላይ ለመሞከር ዝግጅት መጀመሩን የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ዝርዝሩ እየረገፈ ይሄዳል። አይጡ ይጠፋል፣ «የተወሰነ» የሚለው ቃል ይጠፋል፣ በመጨረሻ «ሽባነት መድኃኒት ተገኘለት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ልጃቸውን ወይም አባታቸውን አልጋ ላይ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያነቡት እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ መሬት ሸጠው ውጭ አገር ለመሄድ ሊወስኑበት ይችላሉ። ለእነሱ ከዜናው የረገፈው ዝርዝር ዋናው ነገር ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት የተለያዩ አካላት

በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ነርቭ» ብዙ ይሸከማል። ወገቡን የሚያመው ሰው «ነርቭ ነው» ይባላል፤ ስትሮክ የመታው «ነርቩ ተነካ» ይባላል፤ መርፌ ተወግቶ እግሩ የሰነፈ ሕፃንም እንዲሁ። ጅማትና ነርቭም ይምታታሉ። ነርቭ የሚለው ቃል የመጣበት የላቲን ቃል ራሱ ቀድሞ ጅማት ማለት ነበርና መምታታቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ስለ ጥገና ሲወራ ግን አንድ መስመር ማስመር ግድ ይላል።

ከመስመሩ በአንድ ወገን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አሉ፤ ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ይባላሉ። በሌላው ወገን ከእነሱ ወጥተው ወደ ክንድ፣ ወደ ጣት፣ ወደ ፊት፣ ወደ እግር የሚዘረጉት ገመዶች አሉ፤ በዚህ ጽሑፍ የዳር ነርቮች እላቸዋለሁ። ሁለቱም የተሠሩት ከነርቭ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ አክሰን የሚባል ቀጭን ክር አለው፤ ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው አክሰን በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የእጅ አንጓ ላይ በቢላ የተቆረጠ ነርቭ ሞቷል ማለት አይደለም። የሕዋሱ አካል አንገት አካባቢ በሕይወት አለ፤ የተቆረጠው ክሩ ነው። የዳር ነርቭ ክር ሲቆረጥ መልሶ ለማደግ ይሞክራል። የሕብለ ሰረሰር ክር ግን አይሞክርም ማለት ይቻላል፤ ቢሞክርም ብዙ ሳይርቅ ይቆማል። የቀረው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ልዩነት ነው።

መደገፊያው ምንድን ነው?

ተመራማሪዎቹ «ስካፎልድ» የሚሉት ቃል ከግንባታ ሥራ የተወሰደ ነው፤ ሕንፃ ሲሠራ ከአጣና የሚተከለውን መወጣጫ ያመለክታል። ንጽጽሩ በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መወጣጫው ይነሳል፣ ጥሩ የነርቭ መደገፊያም ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። በሌላ በኩል ግን ጎደሎ ነው። አጣናው ሠራተኛውን ይሸከማል እንጂ ግድግዳው በየት በኩል እንደሚያድግ አይመራም። የነርቭ መደገፊያ ይበልጥ የሚመስለው ሐረግ እንዲወጣበት የሚተከለውን እንጨት ነው፤ ለሚያድገው ነገር የሚይዘውና አቅጣጫ የሚሰጠው ይሆናል።

ሐሳቡ ከተፈጥሮ የተቀዳ ነው። እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪትን የምላስ ነርቮች ቆርጦ ሲከታተል ከቁርጡ በታች ያለው ክር እንደሚፈራርስ አየ። በኋላ እንደታወቀው መፈራረሱ የጥገናው መጀመሪያ ነው። ክሩን ሸፍነው የሚኖሩት የሽዋን ሕዋሳት ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ይራባሉ፣ ከዚያም ባዶ በቀረው ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ለአዲሱ ክር መንገድ ይሆናሉ። እድገት የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችም ያመነጫሉ። ሁለቱ ጫፎች ተቀራርበው ከተሰፉ አዲሱ ክር ይህን መንገድ ያገኘዋል። ብዙ ከተራራቁ ግን ክሩ መሐል ላይ ይጠፋል፤ የበቀለው ሁሉ ተጠቅልሎ የሚያም እባጭ ይሆናል።

መደገፊያው የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። ቱቦ፣ ስፖንጅ፣ በመርፌ የሚገባ ዝልግልግ ፈሳሽ ወይም ቀዳዳዎቹ በልክ የተሠሩ ሕትመት ሊሆን ይችላል። ቁሱ የከብት ቆዳና ጅማት ውስጥ ያለው ኮላጅን፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን፣ ሐር፣ ወይም እንደ ሟሚ የቀዶ ሕክምና ክር ያለ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ንጥረ ነገር እንዲያስተላልፍ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ግን ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳት እንዳይገቡበት ቀዳዳው ሰፊ መሆን የለበትም። ቶሎ ቢሟሟ ክሩ ሳይሻገር መንገዱ ይፈርሳል፤ ቢዘገይ ደግሞ ያደገውን ነርቭ ያንቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰፊው የተጠናው የሲሊኮን ቱቦ ያስቸገረው ይህ ነው፤ አይሟሟም፣ ስለዚህ አንዳንዱን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ነበር። ልስላሴም ወሳኝ ነው። ሕብለ ሰረሰር በጣም ለስላሳ አካል ስለሆነ ከእሱ የጠነከረ ቁስ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጎኑን ይቆጠቁጠዋል።

በእጅና በእግር ላይ የተገኘው ውጤትና ልኩ

ለዳር ነርቭ መደገፊያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ማዕድኑ የወጣለት የአጥንት ቱቦ በውሻ ነርቭ ላይ ተሞክሯል። ዛሬ የኮላጅንና የሟሚ ፖሊመር ቱቦዎች ፈቃድ አግኝተው በብዙ አገሮች በቀዶ ሕክምና ክፍል ይገኛሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ለገበያ ቀርበዋል።

እስካሁን ሁሉም የሚለካበት ሕክምና ግን ቁስ አይደለም፣ የታካሚው የራሱ ነርቭ ነው። ሐኪሙ ከባቱ ጀርባ ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን የስሜት ነርቭ ያወጣና ክፍተቱን ይሞላበታል። ታካሚው የእግሩን ውጫዊ ጎን ስሜት ይከፍላል፤ በምላሹ የእጁን ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ነርቭ ጥሩ የሆነበት ምክንያት ውስጡ ሕያው የሽዋን ሕዋሳት ስላሉት ነው፤ ባዶ ቱቦ ይህ የለውም። ስለዚህ ባዶ ቱቦ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ክፍተት ቢፈቀድም ብዙ ሐኪሞች ከዚያ ላነሰ፣ በተለይም ለጣት የስሜት ነርቮች ብቻ ይጠቀሙበታል። በመካከል የቆመ ሌላ አማራጭ አለ፤ ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ ነርቭ በኬሚካል ሕዋሱ ታጥቦ አጽሙ ብቻ ሲቀር። ሰውነት ባዕድ ብሎ አያጠቃውም፣ ተፈጥሯዊ ቱቦዎቹም እንዳሉ ናቸው። በጣት ነርቮች ላይ በዕጣ ተከፍለው በተነጻጸሩ ታካሚዎች ክፍተቱ ከ12 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ከኮላጅን ቱቦ የተሻለ ስሜት መልሷል። ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ከቁሱ ሁሉ የሚበልጠው ገደብ ጊዜ ነው። የሰው አክሰን የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በወር 3 ሴንቲ ሜትር። ትከሻው ላይ ነርቩ የተበጠሰ ሞተር ሳይክል ነጂ ክሩ እስከ ጣቶቹ 70 ሴንቲ ሜትር መጓዝ ካለበት ሁለት ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። ጡንቻ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ከ12 እስከ 18 ወር ትእዛዝ ካልደረሰው ነርቭ የሚቀበልበት ቦታ ይጠፋል፣ ሥጋውም ወደ ስብና ጠባሳ ይቀየራል። ፍጹም የሆነ መደገፊያ ቢሠራ እንኳ ይህን ስሌት አይሽርም። አደጋው ከደረሰ ከዓመት በኋላ የመጣ ሰው መንገድ ቢሠራለትም የሚደርስበት ቤት ፈርሶ ሊጠብቀው ይችላል።

ሕብለ ሰረሰር ለምን እምቢ ይላል?

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በአዋቂ ሰው ማዕከላዊ የነርቭ ሥርዓት ውስጥ መልሶ ማደግ የለም ማለት ይቻላል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ለአሥርት ዓመታትም የማይነካ ሕግ ሆኖ ቆየ። ያነቃነቀው አልበርት አጓዮ በሞንትሪያል የሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከሳሙኤል ዴቪድ ጋር ሆኖ ከአይጠ መጎጥ እግር የተወሰደ ነርቭ ወስዶ አንዱን ጫፍ ከአንጎል ግርጌ፣ ሌላውን ከሕብለ ሰረሰር ጋር አገናኘ። እምቢተኛ የተባሉት የማዕከላዊ ክሮች በዚያ ነርቭ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አደጉ። ችግሩ የነበረው በክሮቹ ዙሪያ ባለው ሁኔታም ጭምር ነበር ማለት ነው። የዛሬው የሕብለ ሰረሰር መደገፊያ ሐሳብ ሁሉ የዚያ ሙከራ ልጅ ነው።

ከዚያው ሙከራ ብዙም የማይጠቀስ አንድ ነገር አለ፤ ክሮቹ መጨረሻ ላይ ደርሰው ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ተመልሰው ሲገቡ ወዲያው መቆማቸው። ድልድዩን ገብተው መውጣት አቃታቸው። እዚያ ያለው የክር ሽፋን እድገት የሚከለክሉ ፕሮቲኖች አሉት። ጉዳቱ ዙሪያ የሚሠራው ጠባሳም ክሩን ያግዳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጠባሳው እብጠቱ ወደ ጤነኛው ክፍል እንዳይዛመት ያጥራልና ዝም ብሎ ጠላት ማለት አይቻልም። አብዛኛው የሰው ጉዳት ደግሞ በቢላ እንደተቆረጠ ገመድ አይደለም። አከርካሪው ሲሰበር ሕብለ ሰረሰሩ ይጨፈለቃል፣ መሐሉ ሞቶ ፈሳሽ የሞላው ጉድጓድ ይሆናል፣ ዳሩ ላይ ግን የተረፉ ጥቂት ክሮች ይኖራሉ። መደገፊያ ለማስገባት ቦታ የሚያጸዳ ሐኪም እነዚያን ክሮች የመቁረጥ አደጋ አለበት። አይጥ ላይ ይህ ስጋት እምብዛም አይነሳም።

ከአይጥ ወደ ሰው

የእንስሳቱ ውጤቶች እውነተኛ ናቸው፣ አንዳንዶቹም የሚያስደንቁ። በካሊፎርኒያ ሳን ዲየጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በ1.6 ሴኮንድ የታተመ 2 ሚሊ ሜትር መደገፊያ ግንደ ሕዋስ ተሞልቶ በአይጠ መጎጥ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ክሮችን አሻገረ። በ2021 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሳሙኤል ስታፕ ቡድን ጉዳቱ ከደረሰ ከአንድ ቀን በኋላ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ አቀረበ። ፈሳሹ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ደቃቅ ክሮች መረብ ይለወጣል፤ ሞለኪውሎቹ ይበልጥ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ሕዋሳቱ ምልክታቸውን በተሻለ ይቀበላሉ። አይጦቹ በአራት ሳምንት ውስጥ ተራመዱ። የቴል አቪቩ ታል ድቪር በ2022 ያሳተመው ሥራ ደግሞ ሞራን ተጠቅሟል፤ በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየውን ያንኑ ስስ ሽፋን። ከታካሚው ሞራ ትንሽ ተቆርጦ ሕዋሱ ወደ ግንደ ሕዋስነት ይመለሳል፣ የቀረው ቁስ መደገፊያ ይሆናል፤ ሁሉም ከራሱ ስለተወሰደ ሰውነት አይገፋውም የሚል ሐሳብ ነው። ጉዳታቸው ከቆየ አይጦች 80 በመቶው መራመድ መቻላቸውን ቡድኑ ገልጿል። ጉዳቱ የቆየ መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ሙከራዎች የሚሠሩት ትኩስ ጉዳት ላይ ነው፤ ዊልቸር ላይ ያሉት ሰዎች ግን ለዓመታት የኖሩበት ነው።

በሰው ላይ ግን ከዚህ ቀደም የተሞከረ ነገር አለ፣ ከዜናዎቹ ጋር አብሮ መጠቀስ ያለበትም እሱ ነው። ኢንቪቮ ቴራፒዩቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሟሚ ስፖንጅ መሳይ መደገፊያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በደረታቸው ከፍታ ላይ ሙሉ ጉዳት (ከዚያ በታች ስሜትም እንቅስቃሴም የማይተው) በደረሰባቸው ሰዎች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ተከለ። በመጀመሪያው ጥናት ስድስት ወር ከተከታተላቸው 16 ሰዎች 7ቱ በጉዳት መለኪያው ቢያንስ አንድ ደረጃ ተሻሻሉ። ውጤቱ በጎ ይመስል ነበር። ችግሩ የማነጻጸሪያ ቡድን አለመኖሩ ነው፤ ሙሉ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ምንም ሳይተከልላቸው በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነ ለውጥ ያሳያሉ። 20 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሲነጻጸሩ በ2023 መደገፊያው የታሰበለትን ግብ አልመታም። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ለማግኘት አመለከተ። ከዚያ ሙከራ መደገፊያ አይሠራም ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የተሞከሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ መደገፊያውም ሕዋስ አልነበረውም። የሚያሳየው ያለ ማነጻጸሪያ የሚነገር መሻሻል ምን ያህል እንደሚያሳስት ነው። በ2014 ከፖላንዷ ቭሮትስዋፍ የተሰማው፣ ከአፍንጫ ወደ አንጎል ከሚሄደው የማሽተት መስመር የተወሰዱ የራሱ ሕዋሳትና የቁርጭምጭሚት ነርቭ ተተክሎለት ቆሞ የተራመደው ሰው ታሪክም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ታካሚው አንድ ነው፣ ለረጅም ጊዜም ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና አድርጓል።

የእንስሳውን ውጤት ሰው ላይ የሚያሳጥረው ነገር ብዙ ነው። የአይጥ ሕብለ ሰረሰር ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሰው ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። አራት እግር ባላቸው እንስሳት የመራመድን ስልት የሚያወጡት መስመሮች ወገብ ውስጥ ሆነው ከአንጎል ብዙ ሳይታዘዙ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ተራመደ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ክሩ ተሻገረ ማለት አይደለም።

ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። አንዱ ወገን ትክክለኛ ቁስና ትክክለኛ ኬሚካዊ ምልክት ካለ ሕያው ሕዋስ አያስፈልግም ይላል፤ ሕዋስ ውድ ነው፣ ወደ ዕጢ የመለወጥ ስጋትም አለበት። ሌላው ወገን አዲስ የነርቭ ሕዋሳት ካልተተከሉ፣ ከላይ ተቀብለው ወደ ታች የሚያቀብሉ ካልሆኑ፣ መደገፊያው ባዶ መንገድ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ወገን ጥያቄውን ራሱ ይለውጠዋል፤ አብዛኛው ታካሚ ጥቂት የተረፉ ክሮች ስላሉት እነሱን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ይቀድማል ይላል። በሎዛን የግሬጓር ኩርቲን ቡድን ከ2018 ጀምሮ በዚህ መንገድ ጥቂት ሰዎችን በድጋፍ አራምዷል። እስካሁን በሰው ላይ ካለው ማስረጃ የእኔ ሚዛን ወደዚህ ሦስተኛው ያዘነብላል። የተረፈ ምንም ክር ለሌለው ሰው ግን ኤሌክትሪኩ ብቻውን የሚይዘው የለውም፤ መደገፊያ የሚያስፈልገው ያ ሰው ነውና ምርምሩ መቀጠል አለበት።

ተስፋ ከማስረጃ ሲቀድም

በዚህ ዘርፍ የሚከፈለው ዋጋ በእኛ አካባቢ ሰው ሕይወትም ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስዊድን ውስጥ በካሮሊንስካ ሆስፒታል ፓውሎ ማኪያሪኒ በግንደ ሕዋስ የተለበጠ የፕላስቲክ የአየር ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሲተክል፣ ታካሚው አይስላንድ ይማር የነበረ ኤርትራዊ ነበር። በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተአምር ተባለ፤ ወጣቱ በ2014 መጀመሪያ ላይ ሞተ። በእንስሳ ላይ በቂ ሙከራ አልተደረገም ነበር። በስዊድን የተተከለላቸው ሦስቱም ሰዎች ሞተዋል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ማኪያሪኒን ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈርዶበታል። አካሉ ነርቭ ባይሆንም መደገፊያና ግንደ ሕዋስ የሚለው ሐሳብ ያው ነው።

ሕብለ ሰረሰር ላይም የታየ አለ። በሊዝበን የአፍንጫ ሽፋን ሥጋ ሕብለ ሰረሰሯ ውስጥ የተተከለላት ወጣት ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርባዋን ታመመች፤ ሐኪሞች ሲከፍቱት የተተከለው ሥጋ አድጎ ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ የሚያመነጭ እባጭ ሆኖ ተገኘ። በመዝገብ የተመዘገበ ትክክለኛ ሙከራ ታካሚው ለተሞከረበት ነገር ገንዘብ እንዲከፍል አያደርግም፤ የማነጻጸሪያ ቡድን አለው ወይም ለምን እንደሌለው ይናገራል። «አንድ ሰው ድኗል» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ክሊኒክ ሙከራ እያደረገ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው የት ላይ ነው?

ለእኛ በቅርብ የሚደርሰው የዳር ነርቩ ወገን ነው። የእጅ ቁስል፣ የመኪናና የሞተር ሳይክል አደጋ፣ የጥይት ጉዳት፣ ያለ ቦታው የተወጋ የታፋ መርፌ፣ ክንድ እስኪገረጣ የጠበቀ የወጌሻ እሽግ፤ ሁሉም የዳር ነርቭ ይጎዳሉ። መርፌና እሽግ የጎዱት ነርቭ ብዙ ጊዜ አልተቆረጠም፤ ምንም ሳይነካ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ስለት የቆረጠው ግን በራሱ አይገናኝም። ሐኪም ለይቶ ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ ያ 1 ሚሊ ሜትር በቀን የሚለው ስሌት የሚጀምረውም በመጀመሪያው ቀን ነው። ቁስሉ ቆዳው ብቻ ተሰፍቶ ወደ ቤት የተላከ፣ ጣቱ መደንዘዙን ከወራት በኋላ የሚናገር ሰው ያጣውን ጊዜ የትኛውም የታተመ ቱቦ አይመልስለትም።

ሥጋ ደዌም አለ። ባክቴሪያው የሚኖረው በዋናነት በሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ነርቭን መጠገን ያለበትን ሕዋስ ራሱን ይይዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ታካሚዎች ይመዘገባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርትና አጠገቡ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ለዘመናት የሠሩበት በሽታ ነው። የነርቭ ጉዳቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን በተባለው ርካሽ መድኃኒት ብዙውን ማዳን ይቻላል።

ለዘገየበትም ቢሆን አንድ የተረሳ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝና በሕንድ ሐኪሞች የታተመ ሥራ ሲሆን፣ የእግር መዳፋቸው ስሜት ያጣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ነው። ሐኪሞቹ ከታካሚው ጡንቻ ትንሽ ቆርጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዙት፣ ከዚያ በተጣራ ውኃ አቀለጡት። ሕዋሱ ሞተ፤ የጡንቻው ክሮች የነበሩባቸው ባዶ ቱቦዎች ብቻ ቀሩ። ያንን በተበላሸው የነርቭ ክፍል ቦታ ተኩት፤ ከታካሚዎቹ የተወሰኑት የመዳፋቸው ስሜት ተመለሰ። ቁሱ ከሰውየው ራሱ ይወጣል፣ የሚያስፈልገው ናይትሮጅንና ነርቭ መስፋት የሚችል እጅ ነው። መዳፉ ስሜት ያለው ሰው ጠጠር ሲወጋው ያውቃል፤ እግሩ ቆስሎ አይቆረጥም።